የመርከብ ኪራይና የውል ዓይነቶቹ፦ ከባሕር ዳር ሲታይ

የመርከብ ኪራይ የሚባለው ባለመርከቡ መርከቡን በሙሉ ወይም በከፊል፣ ለአንድ ጉዞ ወይም ለተወሰነ ጊዜ፣ ለሌላ ሰው ሥራ ሲያውል ነው። ስምምነቱ የሚሰፍርበት ሰነድ ቻርተር ፓርቲ ይባላል። ውሎቹ ብዙ መልክ አላቸው። የሁሉም የጀርባ አጥንት ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ መርከቡ ሥራ ፈትቶ የቆመበት ቀን በማን ላይ ይቆጠራል?

ነገሩ ከባሕር ጠረፍ ርቃ፣ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ለተቀመጠች ከተማ ሩቅ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከ2003 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በማሪታይም ማሠልጠኛው የምህንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ የመርከብ መኮንን ሲያደርግ ቆይቷል። ልጆቻችን ዛሬ በየውቅያኖሱ የሞተር ክፍል ውስጥ አሉ። የሚሠሩባቸው መርከቦች ብዙዎቹ በኪራይ ውል የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ስለ ውሎቹ ግን በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ከትምህርት ማስታወሻዎችና ከመደበኛ የውል ቅጾች ነው። ስለዚህ ወደ ጉዞ ውልና ወደ ጊዜ ውል ማድላቱ አይቀርም።

ጣና ላይ

የጣና ጀልባ ኪራይ ሁለት መልክ አለው። አንዱ በሰው ነው፤ ጀልባው እስኪሞላ ትጠብቃለህ፣ የአንድ ሰው ሂሳብ ትከፍላለህ። ሌላው ኮንትራት ነው። ኮንትራት ሲያዝ ጀልባው ከነካፒቴኑና ከነነዳጁ የተከራዩ ይሆናል። መነሻና መድረሻው አስቀድሞ ይነገራል፤ ለምሳሌ ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አይቶ መመለስ። ጎብኚው ገዳሙ ውስጥ ሳለ ጀልባው የሚጠብቅበት ጊዜ በዋጋው ውስጥ ነው። መንገድ ላይ «ክብራን ገብርኤልንም እንየው» ከተባለ ግን ድርድሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። ቡድኑ ድብልቅ ከሆነ ከፊሉ ወርዶ ሲሳለም ከፊሉ ጀልባው ላይ ይቀመጣል። ይህን ሳያነሱ ዋጋ የተቆራረጡ ሰዎች በኋላ መጨቃጨቃቸው አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ ባለጀልባዎች ጠዋት መነሳት ይመርጣሉ። ያረፈደ ተከራይ የሚጠፋበት ጊዜ የራሱ ነው።

ከባሕር ዳር በዘጌ፣ በደቅና በቁንዝላ አድርጋ ጎርጎራ ትደርስ የነበረችው የሳምንት መርከብ ከዚህ ትለያለች። እሷ ቀንና መንገድ ቆርጣ የምትሄድ መደበኛ አገልግሎት ነች፤ ማንም ትኬት ቆርጦ ይሳፈራል። በዓለም ንግድም ልዩነቱ ያው ነው። የኮንቴይነር መርከቦች በአብዛኛው በፕሮግራም ይሄዳሉ። እህል፣ ማዳበሪያ፣ ድንጋይ ከሰልና ብረት የሚጭኑት ደግሞ ጭነት ወዳለበት ሁሉ በኪራይ ይጓዛሉ።

ከሞተር በፊት ሐይቁን የያዘው ታንኳ ነበር። ነገደ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ማገዶም እህልም ሲያመላልስ ኖሯል፤ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። የሞተር ጀልባ የተስፋፋው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው።

የሐይቁ የውሃ መጠን ለኪራይ ሥራ ወሳኝ ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። የጨረጨራ ግድብ በ1988 ዓ.ም ከተጠናቀቀ በኋላ ውሃው የሚለቀቀው በበር ሆነ። በ1995 ዓ.ም ድርቁ ተጨምሮበት ሐይቁ ክፉኛ ወረደና ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት ቆሙ። ምክንያቱ ድርቁ ነው ወይስ ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ሁለቱም ድርሻ አላቸው ማለት ይቀላል። በኋላ ደግሞ እምቦጭ መጣ። በ2017 ዓ.ም «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና፣ ተራራውን ሁሉ አቋርጣ ባሕር ዳር ስትገባ ከተማው በሆታ የተቀበላት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሕጉ

የኢትዮጵያ የባሕር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም፣ ከፍትሐ ብሔር ሕጉና ከንግድ ሕጉ ጋር በአንድ ዘመን ነው። ያኔ አሰብም ምጽዋም በእጃችን ነበሩ። ሕጉ ስለ መርከብ ኪራይ ይደነግጋል፤ ዓይኑ ግን ባሕር ላይ ነው። የጣና ጀልባ ኪራይ በአብዛኛው በቃል የሚያልቅ ስለሆነ ክርክሩ ወደ ተራው የውል ሕግ ቢወሰድ ይሻላል የሚሉ አሉ።

የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት በ1956 ዓ.ም ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ የምንለው ተቋም የእሱ ወራሽ ነው። ቻይና ውስጥ ካሠራቸው ዘጠኝ መርከቦች ሁለቱ ነዳጅ ጫኞች ነበሩ፤ ስማቸውም «ሐዋሳ» እና «ባሕር ዳር»። የከተማችን ስም የተጻፈበት መርከብ ባሕር አቋርጦ ሲሄድ ማሰብ ደስ ይላል።

ውሉ እንዴት ይታሰራል?

በመካከል ደላላ አለ። ተከራዩ ይህን ያህል ቶን፣ ከዚህ ወደብ ወደዚያ ወደብ፣ በእነዚህ ቀናት ይላል። የተከራዩ ደላላ ገበያው ላይ ይለቀዋል፤ የባለመርከቡ ደላላ ዋጋ ይዞ ይመጣል። ለአንድ ደላላ 1.25 በመቶ ኮሚሽን የተለመደ ነው። የዚህ ሥራ አንጋፋ ቤት የለንደኑ ባልቲክ ኤክስቼንጅ ነው፤ ታሪኩን እ.ኤ.አ. ከ1744 የቡና ቤት ይቆጥራል። እዚያ ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ በስልክ የተባለው ይጸናል፣ ወረቀቱ በኋላ ይከተላል። ግን ልብ በሉ፤ «የቦርዳችን ፈቃድ ሲገኝ» ወይም «የጭነቱ ባለቤት ሲቀበል» የሚል ቅድመ ሁኔታ እስካልተነሳ ድረስ ውሉ እንደታሰረ አይቆጠርም።

ውል ከባዶ አይጻፍም። ተዘጋጅተው የቆዩ ቅጾች አሉ። ለጉዞ ውል በጣም የታወቀው ጄንኮን ነው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን በ1976፣ በ1994ና በ2022 ታድሷል። ያዘጋጀው ቢምኮ የተባለው የባለመርከቦች ማኅበር ነው። ስለዚህ ቅጹ በትንሹ ወደ ባለመርከብ ያጋድላል የሚል ሐሜት አለ፤ ተከራዮች ደግሞ ተጨማሪ አንቀጽ እየለጠፉ ያቃኑታል።

የጉዞ ውል

እዚህ መርከቡ የሚያዘው ለአንድ ጉዞ ነው። ተከራዩ በቶን ወይም በጥቅል የጭነት ዋጋ ይከፍላል። ሠራተኛ፣ ነዳጅ፣ የወደብ ክፍያ፣ ካናል ቢኖር የካናሉም፣ ሁሉም የባለመርከቡ ናቸው። ማዕበል መርከቡን ቢያዘገየው ኪሳራው የባለመርከቡ ነው። ወደብ ሲደርስ ግን ሚዛኑ ይዞራል። ለመጫንና ለማራገፍ የተፈቀደ ጊዜ አለ፤ በሥራው ቋንቋ ሌይታይም ይባላል። ከዚያ ያለፈው ጊዜ ዲመሬጅ ያስከፍላል። ዲመሬጅ የሚለውን ቃል አገር ውስጥ ያለ አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብዙዎች በኪሳቸው ነው የተማሩት።

የጎጃምና የጎንደር ገበሬ የሚጠብቀውን ማዳበሪያ እንውሰድ። ለምሳሌ 50,000 ቶን የጫነ መርከብ ጅቡቲ ገባ እንበል። ውሉ በቀን 5,000 ቶን እንዲራገፍ ይላል፤ ስለዚህ የተፈቀደው 10 ቀን ነው። ማሸጊያው ተጓተተ፣ መኪና ዘገየ፣ ማራገፉ 13 ቀን ፈጀ። ዲመሬጁ በቀን 15,000 ዶላር ከሆነ ተከራዩ 45,000 ዶላር ይከፍላል። በ8 ቀን ቢጨርስ ኖሮ ባለመርከቡ ራሱ ይከፍለው ነበር፤ ዲስፓች ይባላል፣ በልማድ የዲመሬጁ ግማሽ ነው።

ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ካፒቴኑ «ደርሻለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» የሚል ማስታወቂያ ሲሰጥ ነው። በ1994ቱ ጄንኮን መሠረት ማስታወቂያው እስከ እኩለ ቀን ከተሰጠ ቆጠራው በ13 ሰዓት ይጀምራል። ከእኩለ ቀን በኋላ በሥራ ሰዓት ከተሰጠ በማግስቱ የሥራ ቀን በ6 ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት ከቀኑ 7ና ከጠዋቱ 12 መሆኑ ነው። አዲስ ሠልጣኞች እዚህ ጋ ይደናገራሉ፤ መርከብ ላይ የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር የለም።

ቀጥሎ በዓላት ይመጣሉ። ውሉ እሑድና በዓል አይቆጠርም ሊል ይችላል፤ ይቆጠራልም ሊል ይችላል። ጅቡቲ ውስጥ ዕረፍቱ ዓርብ ስለሆነ «እሑድ» ብሎ የተጻፈ ውል እዚያ ጠብ ይጭራል። ዝናብም አለ። ማዳበሪያ እርጥበት አይወድም፤ ዝናብ ሲጥል የጭነት ክፍሉ ይዘጋል። ውሉ «አየሩ የሚፈቅድበት የሥራ ቀን» ካለ የዝናቡ ሰዓት አይቆጠርም። የተፈቀደው ጊዜ ካለቀ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ምሕረት ይቀራል። ዲመሬጅ አንዴ ከጀመረ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ ዓርብም ዝናብም አያቆመውም።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ሐረግ «ሁልጊዜ እንደተንሳፈፈ» የሚለው ነው። መርከቡ የሚቆምበት ቦታ ሆዱ መሬት የማይነካበት መሆን አለበት። የ1995ቱን ጣና ያየ ሰው ይህን ሐረግ ለማስረዳት ብዙ አይደክምም።

የጊዜ ውል

እዚህ የሚሸጠው ጊዜ ነው። ተከራዩ መርከቡን ለወራት ወይም ለዓመታት ይወስዳል፣ ኪራዩን በቀን ያሰላል፣ በየ15 ቀኑ ወይም በየወሩ በቅድሚያ ይከፍላል። ባለመርከቡ ደመወዝ፣ መድን፣ ጥገናና የሞተር ዘይት ይችላል። ነዳጅ፣ የወደብና የካናል ክፍያ ወደ ተከራዩ ይዞራል። ካፒቴኑ በንግዱ ጉዳይ የተከራዩን ትእዛዝ ይሰማል። በአነዳድና በደኅንነት ጉዳይ ግን አለቃው ተከራዩ አይደለም። አንጋፋው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የኒውዮርክ ፕሮዲውስ ኤክስቼንጅ ቅጽ ነው፤ የ1946ቱ እትም ዛሬም ይሠራበታል።

ማዕበልም ወረፋም የተከራዩን ቀን ይበላሉ። ባለመርከቡ ኪራዩን የሚያጣው መርከቡ ራሱ ሲሰናከል ነው፤ ሞተር ሲበላሽ፣ ሠራተኛ ሲጎድል። ይህ ኦፍ ሃየር ይባላል። ለዚህ ነው የሞተር ክፍል መዝገብ እንደ ዳዊት የሚጠበቀው። አንድ ኢንጂነር ሞተሩ መቼ እንደቆመና መቼ እንደተነሳ የሚጽፋት መስመር በኋላ በሺህ ዶላሮች ትመነዘራለች። ፍጥነትና የነዳጅ ፍጆታም ውሉ ላይ ይሰፍራሉ፤ ብዙ ጊዜ የነፋስ ብርታት በሚለካበት የቦፎርት ሚዛን ከ4 ባልበለጠ ነፋስ። መርከቡ ከተባለው በላይ ነዳጅ ከጠጣ ተከራዩ ከኪራዩ ይቀንሳል፤ ባለመርከቡ ነፋሱ ከ4 በላይ ነበር ይላል። ጥያቄው ወደ መዝገቡ ይመለሳል።

የሞተር ክፍል ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት «ሆንግኮንግ ፈር» የተባለችው መርከብ የፍርድ ቤት ጉዳይ ይበቃል። መርከቧ ለ24 ወር ተከራይታ እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ ጀመረች። ሞተሯ ያረጀ ነበር፤ ሠራተኛው አይበቃም፣ ዋና ኢንጂነሩም ጠጪ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት ወደ 20 ሳምንት የሚጠጋውን በጥገና አሳለፈች። በመሃል የጭነት ገበያው ወረደና ተከራዮቹ ውሉን አፍርሰው ወጡ። የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማፍረስ አትችሉም አለ። መርከቡ ለባሕር ብቁ አለመሆኑ ካሳ ያስጠይቃል፤ ውል ለማፍረስ ግን ጉድለቱ የውሉን ጥቅም ከሥሩ የሚነቅል መሆን አለበት። ውሳኔው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥሩ ኢንጂነር ማፍራት ለምን የንግድ ጉዳይ እንደሆነ ያሳያል።

በጊዜ ውል ቅጽ ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያዝ መርከብም አለ። ዋጋው በቀን፣ ዕድሜው የአንድ ጉዞ።

ሌሎቹ

ቤርቦት የሚባለው ባዶ መርከብ መከራየት ነው። ተከራዩ የራሱን ካፒቴንና ሠራተኛ ያስገባል፤ ጥገናውንና መድኑንም በአብዛኛው እሱ ይሸከማል። ለብዙ ዓላማ እንደ ባለቤት ይቆጠራል። ብዙ ጊዜ የመርከብ መግዣ ፋይናንስ መንገድ ነው፤ ቅጹ ባሬኮን ይባላል። ጣና ላይ ብዙም የተለመደ አይደለም፤ ጀልባ የሚከራየው ከነነጂው ነው።

የብዛት ውል ደግሞ መርከብ ሳይሰይም ለምሳሌ በዓመት ይህን ያህል ሺህ ቶን በተከታታይ ጭነት ለማድረስ የሚገባ ስምምነት ነው። ቦታ ብቻ መከራየትም አለ፤ አንድ መርከብ ድርጅት በሌላው መርከብ ላይ የተወሰነ የኮንቴይነር ቦታ ይይዛል። ራሱ መርከብ በማይልክበት መንገድ ደንበኛውን ለማስተናገድ ይጠቅመዋል።

ቻርተር ፓርቲ ከቢል ኦፍ ሌዲንግ ጋር መምታታት የለበትም። ሁለተኛው የጭነቱ ደረሰኝና የባለቤትነት ሰነድ ነው፤ ባንክ የሚጠይቀውም እሱን ነው። ተከራዩ እጅ ሳለ ደረሰኝ ብቻ ነው፤ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ግን ራሱን የቻለ ውል ይሆናል። ስለ ባሕር ጭነት የወጡት እ.ኤ.አ. የ1924ቱ የሄግ ደንቦች በሚገዙት ጊዜ ለጭነት ጉዳት ክስ የሚፈቀደው አንድ ዓመት ነው። የዲመሬጅ ጥያቄ ከዚህም ያጥራል፤ ብዙ ውሎች ማስረጃው ሁሉ ተሟልቶ በ90 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ጥያቄው ይወድቃል ይላሉ። ክርክሩ በብዛት የሚሄደው ወደ ለንደን፣ ኒውዮርክ ወይም ሲንጋፖር ግልግል ነው። ገላጋዮቹ መጀመሪያ ከሚጠይቋቸው ወረቀቶች አንዱ ወደብ ላይ የተፈረመው የሰዓት ዝርዝር ነው፤ መቼ ደረሰ፣ መቼ ዘነበ፣ መቼ ተከፈተ፣ መቼ አለቀ።