«የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ምንድን ነው? አዳራሽ መሙላትማ አይደለም

በቀደም አንድ ተናጋሪ ድሬዳዋ ላይ ስለሚሠራ የቢምቢ ቁጥጥር በሬዲዮ ሲያወራ ሰማሁ። «የማኅበረሰብ ተሳትፎውን በደንብ ሠርተናል» አለ። ጋዜጠኛዋ እንዴት ብላ ጠየቀችው። ሰው አዳራሽ ተጠራ። ገለጻ ተደረገ። በራሪ ወረቀትና ቲሸርት ታደለ። አቴንዳንስ ተፈረመ። ከዚያ «ዋናው ችግር ሕብረተሰቡ ግንዛቤ የለውም» ብሎ ዘጋው።

ሥራዬ የቢምቢ እጭ ፍለጋ ነው። ዓመታት ሙሉ በርሜል ውስጥ በባትሪ ሳይ፣ በጭልፋ ስቀዳ ኖሬያለሁ። «ተሳትፎ» የሚለው ቃል እንዲህ ሲባክን መስማት በጣም ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

የማወራው ስለ ከተማ አቀፍ የሕዝብ ሳይንስ ነው። ነዋሪው ግቢው ውስጥ ያየውን ይመዘግባል ወይም ፎቶ አንስቶ ይልካል፤ ባለሙያው ያጣራል፤ ከሁለቱ ሥራ የከተማዋ ካርታ ይወጣል። አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተራ ሰዎች በገና ሰሞን ወፍ መቁጠር የጀመሩት በ1900 ነው፤ ዛሬም ይቆጥራሉ። ስፔን ውስጥ «ሞስኪቶ አለርት» የሚባል ፕሮግራም ከ2014 ጀምሮ አለ። በ2018 አስቱሪያስ ከሚባለው ክልል አንድ ነዋሪ ፎቶ ላከ። ኤደስ ጃፖኒከስ የሚባለው ትንኝ ስፔን መግባቱ የታወቀው በዚያ ፎቶ ነው። እዚያ ይገኛል ብሎ የጠበቀ ባለሙያ አልነበረም። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሬ ደግሞ ይህ ነገር ከማንም በላይ ያስፈልጋታል። ደንጊ፣ ኤደስ የምትባለው ቢምቢ የምታስተላልፈው የትኩሳት ሕመም፣ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው እዚሁ፣ በ2013 ነው። በ2019 ይቺው ቢምቢ የምታስተላልፈው ቺኩንጉንያ ገባ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መገጣጠሚያውን ይዞ ተኛ። በ2022 የመጀመሪያ አምስት ወራት 2425 የወባ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። በ2019 በእነዚሁ ወራት የነበሩት 205 ብቻ ነበሩ። ከዚህ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው ቢምቢ አኖፊለስ ስቴፌንሲ ትባላለች። ዘሯ የእስያ ነው፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪደሃር ላይ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ይቺኛዋ ግን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ይበቃታል። ለዚህ ነው በበጋም የምትራባው። በ9ኙ የከተማ ቀበሌዎች ውስጥ የትኛው በርሜል የት እንዳለ የሚያውቀው ደግሞ የበርሜሉ ባለቤት ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ቃሉ ልመለስ።

ድግስ አስቡ። ጥሪ ካርድ የደረሰው እድምተኛ ይመጣል፣ ይበላል፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ይሄዳል። ወጡ ቢያንስ ቢበዛ እሱን አያገባውም። አዳራሽ የተጠራው ሕዝብ እድምተኛ ነው። ተሳትፎ የሚባለው ካርዱ ሳይታተም ነው የሚጀምረው። ጎረቤት ቡና ላይ ይጠራል። ቀኑ መቼ ይሁን? ዳሱ የት ይጣል? የማን ድስት ይበቃል? ድሬ ላይ ደግሞ የሙስሊሙን ምግብ ማን ለየብቻ ይሥራ? ይህን ባለድግሱ ብቻውን ቢወስነው ግማሹ ሰው ሳይበላ ይሄዳል። የሚያኮርፍም አይጠፋም። በእኛ ሥራም እንዲሁ ነው። ጥያቄው ተመርጦ፣ ቅጹ ታትሞ፣ ቀኑ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ሕዝብ ቢጠራ፣ የቀረለት ነገር ማጨብጨብ ነው።

ይህን ስህተት ያለፉ ሰዎች ሁለተኛው ላይ ይወድቃሉ። እኔም እዚያ ቆይቻለሁ። ጎረቤቷን ጠርቶ ሽንኩርት ማስከተፍ አለ። ጠዋት መጣች፣ ዓይኗ እያነባ ሁለት ኩንታል ከተፈች፣ ማታ ማን እንደሚያገባ እንኳ አልነገርናትም። ስልክ ሰጥተን «በየሳምንቱ ፎቶ ላኩ» የምንላቸው ነዋሪዎች እንዲህ ናቸው። ይለፋሉ፤ ምን ለማወቅ እንደሚለፉ ግን አያውቁም። በሁለተኛው ወር ፎቶው ይቆማል። እኛም «ሕዝቡ ሰነፈ» ብለን ሪፖርት እንጽፋለን።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ገንደ ቆሬ በሚባለው የድሬ ሰፈር አንድ ግቢ ገባን። ቅጻችን ላይ «በርሜሉ ክዳን አለው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ክዳን አለው። ምልክት አደረግሁ፣ ልወጣ ስል የቤቱ እመቤት ጠራችኝ። ድሬ አንቱታ ብዙም አያውቅም፤ «አንተ ልጅ፣ ደግመህ እየው» አለችኝ። አየሁት። የውሃው ጎማ ከቧንቧ መጥቶ በርሜሉ ውስጥ ገብቷል፣ ክዳኑ ጎማው ላይ ተንጋዷል። በአንድ በኩል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«ለምን ጎማውን አታወጪውም?» አልኳት።

«ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ያውም ሌሊት። የትኛው ሌሊት እንደሆነ አናውቅም። ጎማው ካልተከተተ፣ ቧንቧው ሲንፎቀፎቅ ከእንቅልፍ እስክንነሳ ውሃው መሬት ላይ ያልቃል። ሰፈሩን ዙርና እይ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው።»

ዞርን። እውነቷን ነበር። ቅጻችን «ክዳን አለው» እያለ በጥሩ ጎን የመዘገበው በርሜል፣ ቢምቢ እንደልቧ በምትገባበት ሁኔታ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነው። ስታስረዳን ደግሞ መፍትሔውን ጨምራ ነበር፦ ጎማው የሚያልፍበት አሮጌ ነጠላ፣ ዙሪያውን በላስቲክ የታሰረ። (ነጠላው የሳሳ ከሆነ ቢምቢ ያሳልፋል፤ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።)

እንግዲህ ግንዛቤ ያልነበረው ማን ነው? ያ ተናጋሪ ይህን ግቢ ቢያይ ደስ ይለኝ ነበር። ሴትዮዋ ስለ ቢምቢ ታውቃለች። ስለ ውሃው ፈረቃ ደግሞ እኛ የማናውቀውን ታውቃለች። የጎደላት የሚጠይቃት ሰው ነው። «ግንዛቤ የለም» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ውሃው ሌሊት ብቻ መምጣቱን ሳይቀር።

ሌላው የምሰማው ክርክር «ተራ ሰው የሰበሰበው መረጃ አይታመንም» የሚል ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ስላለ በቅጡ ልመልስ። በርሜል ውስጥ እጭ አለ ወይስ የለም የሚለውን ማንም ሰው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ በአንድ ቀን ይለምደዋል። አኖፊለስ ናት ወይስ ኤደስ የሚለውንም ብዙው ሰው ይለየዋል። የአኖፊለስ እጭ ውሃው ላይ ተጋድማ እንደሚንሳፈፍ ስንጥር ትተኛለች፤ የኤደስ ግን ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። አኖፊለሷ ስቴፌንሲ ትሁን ሌላ የሚለውን ግን በስልክ ፎቶ አልቀበልም። እሱ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የድግሱ ምሳሌ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ በሬውን የሚያርደው የሚያውቅበት ሰው ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ቢላ አይዝም። ይህ ግን ጎረቤቱን ከድግሱ አያስወጣም።

ከነዋሪው መሳሳት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የእኛ የካርታ አነባበብ ነው። ከአንድ ሰፈር ብዙ ሪፖርት መጣ ማለት እዚያ ብዙ ቢምቢ አለ ማለት አይደለም። ስማርት ስልክ ያለው ሰው የበዛበት ሰፈር ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ ቅጽ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገረውን ሰፈር ካርታው ላይ ባዶ ያደርገዋል፤ ባዶውን ቦታ ያየ ሹም ደግሞ «ንጹሕ ነው» ይላል። ሌላም አለ። «ዛሬ አየሁ፣ ምንም የለም» የሚለው መልእክት ልክ እንደ እጭ ፎቶ ዋጋ አለው። ሰዎች ግን ምንም ካላገኙ መላክ ያፍራሉ። እባካችሁ ላኩት። ያለ እሱ የቀነሰና የጨመረ መለየት አንችልም። በርሜልም ስታጥቡ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ወራት ይቆያል፣ በሻካራ ነገር መፈተግ አለበት።

አሁን ወደ መልስ ልምጣ። ሠርግ በሠርጉ ቀን አያልቅም፣ መልስ አለ። ሙሽሮቹ ተጠርተው ወደ ሙሽራይቱ ቤተሰብ ይመለሳሉ፣ ሁለቱ ወገኖች እንደገና ይተያያሉ። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ከሁሉም በላይ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ መልስ የለውም። ከሰው ቤት ውሃ ቀድተን፣ እጭ ቆጥረን እንሄዳለን። ውጤቱ መጽሔት ላይ ይወጣል፣ ስብሰባ ላይ ይቀርባል። በርሜሏን የከፈተችልን ሴት በርሜሏ ውስጥ ምን እንደተገኘ አትሰማም። በሚቀጥለው ዓመት በሯን ስናንኳኳ «አይ፣ ባለፈው መጥታችሁ ነበር» ብላ ትዘጋለች። ይህ ደርሶብኛል፣ አልፈረድኩባትም።

የገንደ ቆሬዋ ጋ ግን ተመለስን። አንድ ገጽ ወረቀት ነበር የያዝነው፦ በሰፈሩ ስንት በርሜል ታየ፣ በስንቱ እጭ ተገኘ፣ ነጠላ ያሰሩትስ እንዴት ሆኑ። ልጇ በኦሮምኛ አነበበችላት። ሴትዮዋ ጎረቤት ጠራች፣ ቡና ተፈላ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ የራሱን ግቢ ቁጥር ሁለት ጊዜ አስነበበ። በሦስተኛው ስኒ ላይ እመቤቲቱ ወደ እኔ ዞረች።

«ከኋላ በኩል ያለው ግንባታስ? ሲሚንቶ የሚያርሱበት ጉድጓድ ሁልጊዜ ውሃ አለበት። እሱን ማነው የሚቆጥረው?»

ቅጻችን ላይ ስለ ግንባታ ጉድጓድ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።