ካሽ ምንድን ነው? ቆሻሻ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ካሳደገችው ሁለት ቀኑ ነው። ዴስክቶፗ ላይ ካሉት አይኮኖች ግማሾቹ ባዶ ነጭ ወረቀት መስለዋል። ሲከፈቱ ግን ፕሮግራሞቹ በደንብ ይሠራሉ። አንድ ሰው «ካሹ ቆሽሾ ሲስተሙን በልቶታል፣ ፎርማት ይደረግ» ብሏታል። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ውስጥ ነው። ሌላ ኮፒ የለውም። አንጀቴን በላችው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ ብዙ ሰው አሳድጓል። «ካሽ ቆሻሻ ነው» የሚለውም ወሬ አብሮ በዝቷል። ስልኩም ኮምፒውተሩም «ካሽ አጽዳ» ስለሚል ሰው ባይፈረድበትም፣ ነገሩ ስህተት ነው። በፊደላችን ሲጻፍ ከጥሬ ገንዘቡ ካሽ ጋር መመሳሰሉም አልረዳውም። ቃሉ የመጣው «መደበቅ» ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ ነው። በኋላ ይፈለጋል ተብሎ ለእጅ ቅርብ የተቀመጠ ነገር ማለት ነው።

የሰፈር ባለሱቅን አስቡት። ስኳሩ ጓዳ ውስጥ በጆንያ ነው። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብቶ፣ ጆንያ ፈትቶ አይመዝንም። ጠዋት ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየመዘነ ቋጥሮ መደርደሪያ ላይ ይደረድራል። ሰው ሲጠይቀው እጁን መስደድ ብቻ ነው። ካሽ ያ የተቋጠረው ስኳር ነው። ዊንዶውስም ዴስክቶፕ በተከፈተ ቁጥር እያንዳንዱን ፕሮግራም ፈልቅቆ አይኮኑን አያወጣም። አንዴ ያወጣውን ቋጥሮ ያስቀምጣል።

አሁን ባለሱቁ ጓዳውን አደሰ እንበል። አዲስ ስኳር ገባ። መደርደሪያው ላይ ያለው ግን የድሮው ነው። ደንበኛው ያንን ይዞ ቤቱ ገብቶ «የዚህ ሱቅ ስኳር ተበላሽቷል» ይላል። ጓዳ ያለው ምን ሆነና?

አፕግሬድ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ዊንዶውስ ሲያድግ የሲስተሙን ፋይሎች ይተካል። የእናንተን የተጠቃሚ ፎልደር ግን ይተወዋል። ፎቶና ጽሑፋችሁ የሚተርፈው በዚህ ነው። የአይኮን ካሹም የሚቀመጠው እዚሁ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይተርፋል። ከአዲሱ ሲስተም ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነጭ ወረቀት ታያላችሁ።

«እኔ ግን ፎርማት አድርጌ ተስተካክሎልኛል» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ይስተካከላል። ሱቁ ፈርሶ እንደገና ቢሠራም የድሮ ቋጠሮ አይገኝም። ከሱቁ ጋር ምን እንደፈረሰ ግን አይናገርም። ይኸው ሰው «ካሽ በየቀኑ አጽዱ፣ ማሽኑ ይፈጥናል» ብሎም ይመክራል። ባለሱቁ ማታ ማታ የቋጠረውን ሁሉ ፈትቶ ጆንያው ውስጥ ቢመልሰው ጠዋት ሰልፍ ይጠብቀዋል። ጌም የምትጫወቱ ይህን ታውቁታላችሁ። የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስን ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ ሲቀየር የሼደር ካሹ (ለጌሙ ምስል ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ኮድ) እንደ አዲስ ስለሚሠራ ጌሙ መጀመሪያ ላይ ይቆራረጣል። ካሽ መጥፋት ያለበት ሲያረጅና ሲሳሳት ነው።

የተማሪዋን እንዲህ ሠራነው። መጀመሪያ ጽሑፏን ፍላሽ ላይ ገለበጥን። ካሽ ለማጥፋት ይህ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ያለ ኮፒ የሰው ማሽን አልነካም። የተገለበጠውንም ከፍታችሁ እዩት፣ የፋይሉ ስም ስለታየ ብቻ አትመኑ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተን ካሹ ያለበት ፎልደር ገባን። ከተጠቃሚው ፎልደር ተነስቶ አፕዴታ፣ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ኤክስፕሎረር ነው። ስማቸው «አይኮንካሽ» ብሎ የሚጀምር ፋይሎች አሉ። ዴስክቶፑንና ታስክባሩን የሚያሳየው ኤክስፕሎረር የሚባለው ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ስለሚይዛቸው አይጠፉም። ስለዚህ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞች የሚዘረዘሩበት ታስክ ማናጀር ገብተን ኤክስፕሎረርን ዘጋነው። ታስክባሩም አይኮኑም ድርግም ብሎ ጠፋ። ልጅቷ «ውይ!» አለች። አይዞሽ አልኳት። ፋይሎቹን አጠፋን፣ ከታስክ ማናጀር ኤክስፕሎረርን መልሰን አስነሳን። አይኮኖቹ አንድ በአንድ ቦታቸው ላይ ብቅ ብቅ አሉ። ከአምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ሁሉም የእይታ ችግር ግን ካሽ አይደለም። አይኮኑ ነጭ ሆኖ ፕሮግራሙም የማይከፈት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሾርትከቱ የሚጠቁመው ፕሮግራም ራሱ የለም ማለት ነው። ስክሪኑ በሙሉ ከተለጠጠና ጽሑፉ ከገዘፈ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የስክሪኑን ድራይቨር እዩ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከሆነ ትክክለኛው ድራይቨር አልገባም። ካሽ ብታጠፉ ለውጥ የለውም።

ፋይላቸውን አስቀድመው ገልብጠው ፎርማት ያስደረጉ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር ይዘው ይመጣሉ። «የአማርኛ ፋይሎቼ ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተለወጡ፣ ቫይረስ ነው» ይላሉ። ቫይረስ አይደለም፣ ካሽም አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት ውስጥ፣ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የድሮ ፎንቶች ፊደላችንን ያስቀመጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው። ፎርማቱ ፎንቱን ይዞት ሲሄድ ከስር ያለው ላቲን ይታያል። ስንት ሰው ደህናውን ፋይል ተበላሽቷል ብሎ አጥፍቶታል። እባካችሁ አታጥፉት። በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ አጣርታችሁ ያንኑ ፎንት መልሳችሁ ጫኑ፣ አማርኛው እንደነበረ ይነበባል።