የተከፋይ ሂሳብ ቀናት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ የአንድን ትልቅ ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ገልጦ «ለአቅራቢዎቹ የሚከፍለው በ91 ቀኑ ነው፤ ውሉ ግን 60 ቀን ይላል፤ ስለዚህ 31 ቀን ያዘገያል» ሲል ደመደመ። ይህን ዓይነት ቅነሳ ስንቴ እንዳየሁ መቁጠር ትቻለሁ።

ይህ 91 የተከፋይ ሂሳብ ቀናት ይባላል፤ ስሌቱም ያው ነው፦ ተከፋይ ሂሳብ፣ ማለትም ኩባንያው ለአቅራቢዎች ገና ያልከፈለው ዕዳ፣ ለተሸጡ ዕቃዎች ወጪ፣ ማለትም በዓመቱ የሸጣቸውን ዕቃዎች ለማምረት ወይም ለመግዛት ላወጣው፣ ተካፍሎ በ365 ይባዛል። 300 ሚሊዮን ለ1.2 ቢሊዮን፣ 91 ቀን። ከሁለቱ ቁጥሮች ግን አንዱም እንኳ ክፍያ የተፈጸመበትን ቀን አያውቅም።

ነገሩ በአንድ ሌሊት ሆስፒታል ገብቶ የተኙትን ሕሙማን ከቆጠሩ በኋላ፣ በዓመቱ ከገቡት ሁሉ ጋር አነጻጽሮ «እዚህ ሰው በአማካይ ይህን ያህል ቀን ይተኛል» እንደማለት ነው። ያቺ ሌሊት የወረርሽኝ ሳምንት ላይ ከዋለች አልጋው ሁሉ ይሞላል፤ ኩባንያውም በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ወር ብዙ ዕቃ ከገዛ ማንንም ሳያዘገይ ቀኑ ይረዝማል። በማግስቱ የሚወጣና ወራት የሚተኛ ሰው በአንድ አማካይ ይጠቃለላሉ። ካርድ ሳያወጣ በር ላይ የቆመውም አይቆጠርም። በእኛ ሙያ ይህ ሰው ዕቃውን አስረክቦ የክፍያ መጠየቂያው ገና ያልተመዘገበለት አቅራቢ ነው፤ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ «የተጠራቀሙ ወጪዎች» በሚል ሌላ መስመር ላይ ተቀምጧል።

ከሁሉ የከፋው ሕመምተኛው ድኖ ሄዶ አልጋው ላይ አስታማሚው ሲተኛ ነው። ባንክ ለአቅራቢው ቀድሞ ይከፍልና ኩባንያው ከወራት በኋላ ለባንኩ ይመልሳል። አቅራቢው ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ዕዳው ግን ብድር ሳይባል ከተከፋዮች መካከል ሊቆይ ይችላል። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የወደቀው የብሪታንያ የግንባታ ኩባንያ ካሪሊየን እንዲህ ያለ ስምምነት ነበረው፤ በዚህ ስምምነት ለባንኮቹ ያለበት ዕዳም በብድርነት አልታየም። የዓለም አቀፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ቦርድ ኩባንያዎች ይህን በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገደደው ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ነው።

ወደ ተንታኛችን 91 ቀን እንመለስ። የተሸጡ ዕቃዎች ወጪ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝና የማሽን እርጅና ቅናሽ አለ፤ ሁለቱም ከአቅራቢ የተገዙ አይደሉም። ከ1.2 ቢሊዮኑ ግማሹ እነርሱ ከሆኑ ቀኑ 182 ይሆናል። በሌላ በኩል ተከፋይ ሂሳቡ ታክስን ይጨምራል፤ ወጪው አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ታክሱ 20 በመቶ ቢሆን 300 ሚሊዮኑ ወደ 250 ይወርድና ቀኑ 152 ላይ ያርፋል። የዕቃ ክምችቱ ለውጥ፣ ማለትም ተገዝቶ ገና ያልተሸጠው ዕቃ መጨመሩ ወይም መቀነሱ፣ ገና አልተነካም። እንግዲህ 60ን ከየትኛው ላይ ነው የምንቀንሰው?

ቀኑ ሲያጥር «ኩባንያው ደግ ሆነ» የሚሉም አሉ። አቅራቢዎች እምነት አጥተው እጅ በእጅ ካልሆነ አንሸጥም ሲሉም እኮ ያጥራል፤ እኔ በችኮላ ያጠረ ቀን ሳይ መጀመሪያ የማየው የጥሬ ገንዘቡን መጠን ነው። ሲረዝም ደግሞ የሚገኘው ገንዘብ የአንድ ጊዜ ነው። ከ60 ወደ 90 ያራዘመ ኩባንያ የ30 ቀን ግዢ ያህል ገንዘብ በእጁ ያስቀራል፤ ግዢው ካላደገ በሚቀጥለው ዓመት 90 ላይ መቆየቱ አዲስ ሳንቲም አያመጣለትም።

በእርግጥ በስንት ቀን እንደሚከፈል ማወቅ የሚፈልግ ሰው የክፍያ መዝገቡን ራሱን ይጠይቅ። ብሪታንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ አማካይ የክፍያ ቀናቸውን፣ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከ31 እስከ 60 እና ከ60 በላይ የከፈሉትንም ድርሻ እንዲያወጡ ታስገድዳለች። እዚያም ቢሆን አማካዩ የሚሰላው በክፍያ መጠየቂያ ብዛት ነው፤ በወቅቱ የተከፈሉ አንድ ሺህ ትንንሽ መጠየቂያዎች ለግማሽ ዓመት የተያዘን አንድ ትልቅ መጠየቂያ ሊሸፍኑት ይችላሉ።