"አመልህን በጉያ፣ ስንቅህን በአህያ"፦ የመንገደኛ ምክር ለመሥሪያ ቤት ሰው

ይህ አባባል ልቤ የገባው ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ አንድ መጋዘን በር ላይ ነው። ወሩ ሰኔ ነበር። ትምህርት ጨርሼ የመጀመሪያ ሥራዬን ይዣለሁ። መሥሪያ ቤቱ ለገበሬ ማዳበሪያ ያከፋፍላል። አመሻሽ ላይ ዩሪያ የጫነ ተሳቢ ግቢ ገባ። በጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

የመጋዘን ኃላፊው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው "አውርዱ! ቆጠራው ነገ ይደርሳል" አሉ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደብተሯን ደረቷ ላይ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳይቆጠር አይገባም።" ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ከበሩ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"እንግዲያው ዝናቡ ይቆጥርልሽ!" ብለው ጮኹባት።

የአውራጆቹ አለቃ ጨዋታ አዋቂ ነበር። በመሀል ገብቶ "ኧረ ጋሼ፣ ኧረ እታለም፣ መጀመሪያ ሻይ እንጠጣ" እያለ ሊያስቃቸው ሞከረ። እኔ ደግሞ ለጋሼ "ልክ ነዎት" አልኳቸው። ዞር ብዬ ለእሷ "ልክ ነሽ" አልኳት። ዝናቡ ወረደ። ጭቅጭቁ ሲያልቅ ከላይ የነበሩት ጆንያዎች ርሰዋል። ዩሪያ ደግሞ ውሃ ከነካው ይሟሟል፣ ይጋገራል። ቆጠራው ሲያልቅ ሦስት ጆንያ ጎደለ። ሁለቱም ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ሽማግሌው ጥበቃ በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁሉንም ሲያዩ ቆይተዋል። በመጨረሻ እንዲህ አሉን፦ "የድሮ ሰው አመልህን በጉያ፣ ስንቅህን በአህያ ይላል። እናንተ ዛሬ አመላችሁን አህያው ላይ ጫናችሁት።"

አባባሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። "ቁጣህን ደብቅ" ማለት ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አመልን አህያ ላይ መጫን የሚለው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

እስቲ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው። ስንቅ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ይከብዳል፣ ቦታ ይይዛል፣ ማንም ያየዋል። ስለዚህ የአህያ ጭነት ነው። ጉያ ግን ሌላ ነው። እናት ሕፃኗን ከብርድ የምትሸሽግበት፣ መንገደኛ ገንዘቡን ከልብሱ ሥር የሚይዝበት የገላ ቦታ ነው። ጉያ የራስ ነው። ሌላ ሰው እጁን አይሰድበትም።

አመል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቁልፉ እዚያ ነው። "አመለኛ" ስንል እንወቅሳለን። "አመለ ሸጋ" ስንል እናመሰግናለን። አመል ለብቻው ሲቆም ግን ጥሩም መጥፎም አይደለም። ፈረስ በሚወደድበት በአዊ አገር ፈረስ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ካየ በኋላ "አመሉስ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይራገጣል? ይደነብራል? ከኋላ ሲመጡበት ምን ያደርጋል? ገዢው አመል የሌለው ፈረስ እየፈለገ አይደለም። እንደዚያ ያለ ፈረስ የለም። አመሉን አውቆ ሊይዘው ነው የሚጠይቀው። አመል ማለት ሳናስብበት የሚቀድመን ነገር ነው። አንዱ ሲጨነቅ ይጮኻል። አንዷ ሲጨንቃት ትቆጥራለች። አንዱ ያሥቃል። አንዱ ለሁሉም "እሺ" ይላል።

አባባሉ ታዲያ "አመልህን ጣለው" አላለም። "እቤት ትተኸው ና" አላለም። ይዘኸው ና ነው ያለው። የሚነግረን የት እንደምንይዘው ብቻ ነው።

ምንጩ መንገድ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ስንቅና አህያ በአንድ ላይ የሚነሡት ለሩቅ ጉዞ ነው። ጎጃም ደግሞ የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደብረ ማርቆስ ወደ አባይ በሚወስደው በኩል ያለው የባሶ ገበያ በጣም የታወቀ ነበር። ከአባይ ማዶ ከእነ ሊሙ እናርያ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይመጣል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ የባሶን ታሪክ ማውራት ልክ አይመስለኝም። ከባሶ የተነሣ ጭነት በጎንደር በኩል እስከ ምፅዋ ይዘልቃል። ነጋዴው ብቻውን አይሄድም። መንገድ ላይ ሽፍታ አለ፣ ቀረጥ የሚያስከፍል ኬላ አለ። ስለዚህ በነጋዴዎቹ አለቃ፣ በነጋድራስ ሥር ተሰባስበው ይጓዛሉ።

ከሁሉ የሚብሰው አባይ ነው። በክረምት ሲሞላ አያሻግርም። በበጋ መልካው ላይ ለመድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ በረሃ መውረድ፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት ያስፈልጋል። ዛሬ በአውቶቡስ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሰው ይገባዋል። ከላይ ጃኬት ያስለብሳል፣ ታች ድልድዩ ጋ መስኮት ያስከፍታል። ያንን በእግሩ፣ ከተጫነ አህያ ኋላ የወረደ ሰው ደግሞ አስቡት። ሙቀቱ አናቱን ይዞታል። አጠገቡ ያለውን ሰው አልመረጠውም፤ መንገዱ ነው ያገናኛቸው። ገደሉ መሀል ላይ ጠብ ቢነሣ ማንም ወደ ቤቱ ሊመለስ አይችልም። ሁለት ሰው ከተጣላ መቶ ሰው ይቆማል።

ዘመቻም ያው ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር ይዘው ዓድዋ ሲዘምቱ፣ በዚያ ዘመን ደንብ ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። የወሎውም የሸዋውም ሰው በአንድ ሰፈር ያድራል። የቆሎ ተማሪ እንኳ ይህን ሕግ ያውቃል። ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ቅኔ ፍለጋ ሲሄድ አህያ የለውም፤ ስንቁ አኩፋዳው ውስጥ ናት። አመሉን ግን በጉያው ካልያዘ በዚያች ጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክረምት አይከርምም።

ለእኔ መሥሪያ ቤት የዛሬው ሲራራ ነው። ያልመረጥነው ሰው፣ አንድ ጭነት፣ መሀል ላይ የማይመለሱበት ገደል።

የሰውን አመል በአራት መክፈል የቆየ ነገር ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት መፈጠሩን ተምሯል። በጥንት ግሪኮችም ዘንድ ሐኪሞች ጠባይን በአራት ይከፍሉ ነበር። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሥልጠና "ዲስክ" (DISC) እየተባለ የሚሰጠው አከፋፈል ደግሞ መነሻው ዊልያም ማርስተን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ነው። ሐሳቡን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። መጠይቁን የሠሩት ግን ከእሱ በኋላ የመጡ ሌሎች ናቸው።

ማርስተንን የምወድለት በሽተኛ ሳይሆን ጤነኛ ሰው ዕለት ዕለት የሚያደርገውን ለማየት መነሣቱን ነው። ጥያቄዎቹም ሁለት ናቸው። ሰውየው ያለበትን ሁኔታ የሚያየው እንደ ወዳጅ ነው ወይስ እንደ ጠላት? ራሱንስ ከሁኔታው የበረታ አድርጎ ነው የሚያየው ወይስ የደከመ?

ይህን ይዤ ወደ መጋዘኑ በር ልመለስ። ጋሼ ደመናውን እንደ ጠላት አዩት፤ ራሳቸውን ደግሞ እንደ ብርቱ። ስለዚህ ገፉ። የሒሳብ ሠራተኛዋም ሁኔታው ክፉ መስሎ ታያት። ራሷን ግን አቅመ ቢስ አድርጋ ነው ያየችው። አቅም የሌለው ሰው መመሪያ ይይዛል፤ እሷም ደብተሯን ያዘች። የአውራጆቹ አለቃ ሁሉ ነገር በጨዋታ የሚፈታ መሰለው። እኔ ሰውን ሁሉ ወዳጅ አድርጌ፣ ራሴን ትንሽ አድርጌ አየሁ። ለሁለቱም "ልክ" ያልኩት ለዚህ ነው። በሁለቱም ዘንድ ያልጠቀመው የእኔ "ልክ" ነበር። "እሺ ይበልጣል ከሺህ" እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ያን ቀን ግን እሺታዬ አንድ ጆንያ እንኳ ከዝናብ አላዳነም።

አራቱ ሣጥኖች ግን ለሰው ይጠባሉ። የዛሬ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰውን በየሣጥኑ ከመክተት ይልቅ አምስት መለኪያዎችን ወስደው ማን በየትኛው ምን ያህል እንዳለው ማየትን ይመርጣሉ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው "እኔ ቀጥተኛ ነኝ፣ አመሌ ነው፣ ቻሉኝ" ሲል ሰምቻለሁ። ይህ ሰው አመሉን አወቀ እንጂ አልያዘም። ሌላው እንዲሸከምለት ነው የጫነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ደግሞ አለ። ጉያ ሆድ አይደለም። እኛ ጎጃሞች "ሆድ ይፍጀው" ብለን ብዙ ነገር እንውጣለን። የተዋጠ ነገር ደግሞ በሰምና ወርቅ ይወጣል። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ጋሼ "ልጅቷ መቼም ቆጠራ ታውቃለች" አሉ። ሰሙ ምስጋና ነው። ወርቁን ሁላችንም ሰማነው፣ እሷም ሰማችው። አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ለወር ያህል ጠዋት "እንዴት አደርሽ" አልተባለችም። በአገራችን ሰላምታ መንፈግ ምን ያህል እንደሚከብድ የማያውቅ የለም። አባባሉ ቅሬታን ዋጥ አይልም። በጉያ ያለ ነገር እኮ ሲያስፈልግ ይወጣል፤ ባለቤቱ እጁን ሰዶ፣ ጊዜ መርጦ ያወጣዋል።

እንዲያ ያደረገችው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቡና አስቀድታ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "ጋሼ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ካልቆጠርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጉድለት ሲመጣ ከእኔ ደመወዝ ነው የሚቆረጠው።" ጋሼ ስኒውን እያዞሩ ዝም አሉ። ቆይተው "እኔ ደግሞ አንድ ክረምት ጭነት ርሶብኝ ያውቃል" አሏት። "ገበሬው የተጋገረውን ጆንያ ፊቴ ከፍቶ አሳየኝ። ዘር የሚዘራበት ሳምንት ነበር። ደመና ሳይ ያ ሰውዬ ይመጣብኛል።"

ከጩኸቱ ሥር የነበረው ፍርሃት ነው። ከቆጠራውም ሥር እንደዚያው። ሁለቱም አልተለወጡም። ጋሼ አሁንም ችኩል ናቸው። እሷም አሁንም "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ማለቷን አልተወችም። እኔ ደግሞ "ጋሼ፣ በዚህስ አልስማማም" ማለትን ለመማር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ልቤ እየመታ ነው የምለው።

የተለወጠው አሠራሩ ነው። መኪናው ደጀንን ሲያልፍ ሾፌሩ ለጋሼ ይደውላል፣ ጋሼ ለእሷ ይደውላሉ። መኪናው ሲደርስ ሸራ ተዘርግቶ ይጠብቃል። እሷ በሩ ላይ ሆና ጆንያው በአውራጁ ትከሻ ሲያልፍ ትቆጥራለች፣ በየአሥሩ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ትጭራለች። ጭነቱ በማታ ከመጣ የእጅ ባትሪ የሚይዙላት ጋሼ ናቸው። ደመናው ሲያጉረመርም "ቶሎ በይ" ሊሉ አፋቸው ላይ ይደርሳል። ያኔ ባትሪውን ከቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ያዛውሩታል።