የዊንዶውስ «አድሚኒስትሬተር» አካውንት፦ ስሙን መቀየርና መጠበቅ

አድሚኒስትሬተር የሚባለው አካውንት ዊንዶውስ ሲጫን አብሮ የሚፈጠር ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የማይችለው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ፕሮግራም ይጭናል፣ ያጠፋል፣ የሌላውን ፓስወርድ ይቀይራል። እናንተ የከፈታችሁት አካውንት የአድሚን መብት ቢኖረውም ከዚህኛው ጋር አንድ አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚያምታታውም እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ አካውንትን የሚለየው በስሙ ሳይሆን ኤስአይዲ በሚባል ረጅም ቁጥር ነው። የዚህኛው ሁልጊዜ በ500 ያልቃል።

አካውንቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር መጣ። ዊንዶውስ 98 ላይ የፓስወርድ ሳጥኑን «ካንስል» ብሎ መግባት ይቻል ስለነበር እሱን እንለፈው።

ትልቁ ታሪክ ኤክስፒ ነው፣ የ2001ዱ። ሆም የሚባለው እትም ሲጫን ለአድሚኒስትሬተር ፓስወርድ አውጡ እንኳን አይልም ነበር። አካውንቱ ከመግቢያው ስክሪን ተደብቆ፣ ያለ ፓስወርድ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 8 ተጭኖ ሴፍ ሞድ (ለጥገና የሚሆነው አነሳስ) የገባ ሁሉ ያገኘዋል። ፕሮፌሽናሉ ላይ ደግሞ ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊትን ሁለቴ ሲጫኑ የድሮው የስም መጻፊያ ሳጥን ብቅ ይላል። እኛ ጥገና ላይ የነበርን ሰዎች ፓስወርዱን ረስቶ የመጣውን ስንቱን በዚህ በር ገብተን ገላግለናል! ሌባም የሚገባው በዚያው ነው፣ አልክድም። ማይክሮሶፍትን ላለማማት ግን፣ ኤክስፒ ፓስወርድ የሌለው አካውንት በኔትወርክ በኩል እንዲገባ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ከሩቅ ለሚመጣ ጠላት ባዶ ፓስወርድ ከ«1234» ይሻል ነበር፣ ይገርማል። በ2008 መጨረሻ የተነሳው ኮንፊከር ቫይረስ በፍላሽ ከመዛመቱ ሌላ፣ የኔትወርክ ጎረቤቶቹን እንዲህ ያሉ ቀላል ፓስወርዶችን ከራሱ ዝርዝር እየሞከረ ይሰብር ነበር።

ቪስታ በ2007 አካውንቱን ዘግቶት መጣ። ቪስታን ሁሉም ያማርረዋል፤ እኔ ግን ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞልን ስለመጣ ክፉ አላወራበትም። ስክሪኑን አደብዝዞ «ይፈቀድ ወይ?» የሚለው ዩኤሲም ያኔ ተጀመረ። ዋናው አድሚኒስትሬተር ግን ካልተስተካከለ በቀር ይህን አይጠየቅም። በእሱ ገብታችሁ ቫይረስ ያለበትን ፋይል ከከፈታችሁ፣ ቫይረሱም ጠያቂ የለውም።

ስሙን ለመቀየር ፕሮ እትም ላይ ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ ይከፈታል፤ ሎካል ፖሊሲስ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ ኦፕሽንስ ውስጥ «ሪኔም አድሚኒስትሬተር አካውንት» የሚል መስመር አለ። ሆም ላይ ይህ ስለሌለ ፓወርሼል በሚባለው የትዕዛዝ መጻፊያ ይሠራል። ስሙ ከ20 ፊደል አይበልጥም። ብዙዎች የሚረሱት ከስሙ ሥር ያለውን መግለጫ ነው፤ ስሙን «ከበደ» ብትሉትም እዚያ ጋ ኮምፒውተሩን ለማስተዳደር አብሮ የተሠራ አካውንት መሆኑን ይናገርባችኋል። እሱንም አጥፉት።

ይጠቅማል ወይ? አንዳንዶች 500 ቁጥሩ ስለማይቀየር ከንቱ ድካም ነው ይላሉ። ለሚያውቅ ሰው እውነታቸውን ነው። ከሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባው ሪሞት ዴስክቶፕ በኩል «አድሚኒስትሬተር» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ፓስወርድ የሚገምት ፕሮግራም ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ እኔ እቀይራለሁ። ሌላው ነገር፣ እስከ ጥቅምት 2022 ዝመና ድረስ ይህ አካውንት ፓስወርድ ስንት ጊዜ ቢሳሳቱበትም አይቆለፍም ነበር። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 11፣ 22ኤች2 ከሚባለው ዝመና ጀምሮ፣ 10 ጊዜ ከተሳሳቱ ለ10 ደቂቃ ይቆልፈዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አካውንቱን እንደተዘጋ ትቶ በየቀኑ የአድሚን መብት በሌለው አካውንት፣ በስታንዳርድ ዩዘር፣ መሥራት ነው።

አንድ ጊዜ ላፕቶፔን ጊዜ አጥቼ ሱቅ ሰጥቼ ፎርማት አስደረግሁ። ቤት ስገባ አድሚኒስትሬተሩ ተከፍቷል፣ ፓስወርዱም የሱቁ ስልክ መጨረሻ አራት ቁጥር ነው። ለደንበኛው ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሚያደርጉ ልጁ ራሱ ነገረኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። እናንተም ከፎርማት በኋላ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ «ኔት ዩዘር አድሚኒስትሬተር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና «አካውንት አክቲቭ» የሚለውን መስመር እዩ። «ኖ» ካለ ተዘግቷል። «የስ» ካለ ሱቁ ጋ ደውሉ።