በሕግ አምላክ፦ የሰው ግቢ መድፈርና ሌባን በራስ እጅ መያዝ በኢትዮጵያ

ያለ ፈቃድ የሰው ቤት ወይም ግቢ መግባት በኢትዮጵያ ሕግ ወንጀል ነው። በፍትሐ ብሔርም ካሣ ያስጠይቃል። ሲሰርቅ የተገኘን ሰው ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ ደግሞ ለማንኛውም ዜጋ የተፈቀደ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከመያዝ በኋላና ከማስረከብ በፊት ባለችው ጊዜ ነው። ድብደባው፣ አስሮ ማሳደሩ፣ ልብስ አስወልቆ በሰፈር ማዞሩ፣ ሲከፋም ግድያው የሚፈጸመው በዚያች ሰዓት ነው። ጉዳዩ በየሕጉና በየታሪኩ ተበታትኖ ስለሚገኝ እዚህ አንድ ላይ ለማምጣት ተሞክሯል።

አጥርና ይዞታ

የአዲስ አበባን ሰፈሮች ያየ ሰው የአጥርን ነገር ያውቃል። ድሮ ቆርቆሮ ወይም የእንጨት አጥር ይበቃ ነበር። ግንቡ መጣ፤ ግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተሰካ፤ አሁን ደግሞ እሾሃማ ሽቦ ይጠመጠምበታል። በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ይጻፋል፣ ውሻው ባይኖርም።

ገጠር ሌላ ነው። ማሳ ብዙ ጊዜ አጥር የለውም። አዝመራው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍና ዝንጀሮ ይከላከላሉ። ሰብሉ ከተሰበሰበ በኋላ ግን በብዙ የደጋ አካባቢ ገለባው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት ይሆናል። በመስከረም ጠብ የሚያስነሳ መግባት በጥር ማንም አይናገረውም። ስለዚህ «ድንበር ጣሰ» የሚባለው እንደ ወቅቱም ይለያያል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይህ ማለት ግን ማንም የፈለገበት ይገባል ማለት አይደለም። ሕጉ የሚጠብቀው ይዞታን ነው። ተከራይም ቢሆን በተከራየው ቤት ውስጥ የተከበረ ነው፤ አከራይ ቁልፍ ስላለው ብቻ ዘው ብሎ ሊገባበት አይችልም።

የቀድሞው ልማድ

ኢትዮጵያ ዘመናዊ ፖሊስ ከማቋቋሟ በፊት የወንጀል መከላከሉ ሥራ የሕዝቡ ነበር። ልማዱ ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ሥርዓት ነበረው።

ዋናው «በሕግ አምላክ» ነው። በደል የደረሰበት ሰው ይህን ብሎ ሲጠራ፣ የተጠራው መቆም ነበረበት። «በንጉሥ አምላክ» ወይም በንጉሡ ስም «በምኒልክ አምላክ» ማለትም ነበር። ጥሎ የሄደ ሰው ከበደሉ በላይ ሌላ ጥፋት እንደጨመረ ይቆጠራል። ሁለቱ ባለጉዳዮች የኩታቸውን ጫፍ ከጫፍ አቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዳኛ ሩቅ ከሆነ መንገድ ላይ ያገኙትን የተከበረ ሰው ያስቆሙና ነገራቸውን ያሰሙታል። ይህን ያዩ የውጭ ተጓዦች በጣም ተደንቀው ጽፈዋል፤ መደነቃቸውም ተገቢ ነው። መሣሪያ የታጠቀ ሰው ባዶ እጁን የመጣ ከሳሽ በአንድ ቃል ሲያቆመው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ከበድ ባለ ጉዳይ ደግሞ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። «ቁራኛ» የሚባለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ኡኡታ ነው። ሌሊት «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ መውጣት ነበረበት። ሰምቶ ዝም ያለ ነውረኛ ይባላል። ከሌባው ጋር ተማክሯል ተብሎም ሊጠረጠር ይችላል።

ሌባው ካልታወቀ ነገሩ ወደ አውጫጭኝ ይሄዳል። በብዙ ቦታ አፈርሳታም ይባላል። የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ስሙ እንዲገለጽ የማይፈልግ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል፤ ቃሉ በሽማግሌ በኩል ይደርሳል። ሰው እስኪገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። ሌባው ካልተገኘም አካባቢው አዋጥቶ የተሰረቀውን ይክሳል። አንዳንዴ ለቂም መወጫ ሆኗል ይባላል፤ ሥራ በሚበዛበት ወቅት ገበሬን ከእርሻው ማስተጓጎሉም አይካድም። ሆኖም ነገሩ በአደባባይ፣ በሽማግሌ ፊት፣ ሰው ሳይደበደብ የሚካሄድ መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ሌባ ሻይ የሚባለው የሌባ መፈለጊያ ልማድ ግን በዚህ ሚዛን አይቀመጥም። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፣ ጭስም ይሰጠዋል። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርና አለቃው ገመዱን ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይገባል። አጥር፣ በር፣ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል፤ የተሰረቀውንም ይከፍላል። ይህ ለደካማውና ለባይተዋሩ ግፍ ነበር። ልጅ ኢያሱ እንዳስቀሩት የሚጽፉ አሉ። በገጠር ግን ወዲያው አልጠፋም።

ገደብን በሚመለከት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚያውቁት ጥንታዊ መለኪያ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ላይ አለ። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተገኝቶ ተመትቶ ቢሞት በመችው ላይ የደም ዕዳ የለበትም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የደም ዕዳ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጨለማ የገባው ምን እንደያዘና ለምን እንደመጣ አይታወቅም። በቀን ግን ሰው ይጠራል፣ ፊቱም ይታያል።

የደቡቡ፣ የኦሮሞውና የሶማሌው ሕዝብ የየራሱ የእርቅና የካሣ ሥርዓት አለው፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የሕጎቹ ዘመን

የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ የጣሊያን ወረራ መጣ፤ ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ተቋቋመ። ትልቁ ሥራ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ፣ በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ታወጁ። የመጀመሪያውን ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ ሁለተኛውን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው ያረቀቁት። የኛ ሊቃውንትና ዳኞች ደግሞ በኮሚሲዮን ተቀምጠው መርምረዋቸዋል። ስድሳ ዓመት አልፎም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አብዛኛው ክፍል ይሠራል። ይህ የሚያኮራ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 13 የሰው መኖሪያ የማይደፈር ነው ይላል። ቁጥር 2053 ደግሞ የባለይዞታው ፈቃድ እንደሌለ በግልጽ እየታወቀ መሬቱን ወይም ቤቱን ጥሶ የገባ ሰው ኃላፊ ነው ይላል። በወንጀል በኩል አሁን የሚሠራው የ1996ቱ ሕግ ነው። አንቀጽ 604 መድፈሩን፣ አንቀጽ 605 ከባድ የሚሆንበትን ሁኔታ ይዟል። በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ውጣ ሲባል አልወጣም ያለም በዚሁ ይጠየቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 ቤትን፣ አካልንና ንብረትን ከመፈተሽ ይጠብቃል።

የባለይዞታው ኃይል የተጻፈው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1148 ላይ ነው። ይዞታውን የሚነጥቅ ወይም የሚያውክ ሰው ሲመጣ በኃይል መከላከል ይችላል። ንብረቱ በድብቅ ወይም በጉልበት ከተወሰደበት ደግሞ ወዲያውኑ፣ እጅ ከፍንጅ ሲይዘው ወይም ሲሸሽ ተከታትሎ ማስመለስ ይችላል። ሁኔታው ከሚጠይቀው በላይ ኃይል መጠቀም ግን አይችልም። ጊዜው ካለፈ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቆች «ሁከት ይወገድልኝ» የሚሉት ክስ ሁከቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለከብትም ሕግ አለው። ማሳ ገብቶ ጉዳት ያደረሰን ከብት ገበሬው ለካሣው መያዣ አድርጎ ሊያቆየው ይችላል፤ ለባለቤቱ ግን ወዲያው ማሳወቅ አለበት።

ሰውን ስለመያዝ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 50 ይናገራል። ማንኛውም ሰው፣ ፖሊስ ባይሆንም፣ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ ያለ መያዣ ትእዛዝ መያዝ ይችላል። ወንጀሉ ግን ቢያንስ በሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። እጅ ከፍንጅ የሚባለው ሲፈጽም፣ ሊፈጽም ሲሞክር ወይም አሁን ፈጽሞ የተገኘ ነው። እየተባረረ ያለ፣ ሕዝብ የጮኸበትም ከዚያ ይቆጠራል። የድሮው ኡኡታ በዘመናዊው ሕግ ውስጥ ቦታውን አላጣም። ቁጥር 58 ደግሞ የያዘው ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ ያስረክብ ይላል።

ይህ በተግባር ምን ይመስላል? ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ግንብ ዘሎ ገባ እንበል። የመኪናውን ስፖኪዮ ሲነቅል ባለቤቱ ነቃ። ጮኸ፣ ጎረቤት ወጣ፣ ልጁ አጥሩ ሥር ተያዘ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሕጋዊ ነው። ልጁ ቢፈራገጥ ፖሊስ እስኪደርስ እጁን ማሰርም ሊያስፈልግ ይችላል። ከታሰረ በኋላ አንድ ጥፊ ከተጨመረ ግን መከላከል አይባልም፤ የሚከላከሉት ነገር የለምና። ቢሞት መቺዎቹ በግድያ ይከሰሳሉ። ጓደኛውን እናውቃለን ብለው ተሰብስበው የጓደኛውን ቤት ሰብረው ቢገቡ ደግሞ፣ አሁን ቤት የደፈሩት እነሱ ናቸው፤ በቡድን መሆኑም ይከብድባቸዋል። ፖሊስ ራሱ ቤት ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ፍርድ ቤት ካልፈቀደለትም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው የሚፈትሸው። ተራ ዜጋ የመፈተሽ ሥልጣን የለውም።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ የማይቀር፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከሉም ተመጣጣኝ መሆን አለበት። የሚጠበቀው ነገር ዋጋም ይመዘናል። ስለዚህ ስፖኪዮና የሰው ሕይወት በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ከመጠን ያለፈ ደግሞ በአንቀጽ 79 ይታያል። ድንጋጤና ፍርሃት ያስከተለው ከሆነ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀል፣ ጨርሶም ላይቀጣ ይችላል። አጥር ላይ ኤሌክትሪክ ስለመልቀቅ ክርክር አለ። ማንንም ሳይለይ የሚገድል ወጥመድ በሕጋዊ መከላከል ማምለጡ ግን አስቸጋሪ ይመስላል።

ደርግ

በ1967 ዓ.ም ቀበሌ መጣ። ጥበቃው ወደ አብዮት ጥበቃ ጓዶች ተላለፈ። በመጋቢት 1969 በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ «ነፃ እርምጃ» የሚባለው ያለ ፍርድ ግድያም ተፈቀደ። ጎረቤት የጎረቤቱን በር በመሣሪያ አስከፍቶ ገባ። በቀይ ሽብር የሆነው ይታወቃል። ዜጋ ያለ ዳኛ ሲታጠቅ ምን እንደሚመጣ አገሪቱ ያየችው በዚያ ዘመን ነው።

ዛሬ

አሁን ሰፈር የሚጠበቀው በብዙ መንገድ ነው። ነዋሪው አዋጥቶ ዘበኛ ይቀጥራል። በአንዳንድ ሰፈር በተራ ሮንድ ይወጣል። ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አለ። የግል ጥበቃ ድርጅቶችም በዝተዋል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ዓይን የደንብ ልብስ የለበሰ የግል ጥበቃ ሠራተኛ ከማንኛውም ዜጋ የበለጠ የመያዝ ሥልጣን የለውም።

የደቦ ፍርድ ግን አልጠፋም። በነሐሴ 2010 በሻሸመኔ አንድ ሰው ቦምብ ይዟል በሚል ወሬ በሕዝብ ተገድሎ ተሰቀለ። በጥቅምት 2011 ደግሞ በምዕራብ ጎጃም ለጤና ጥናት የወጡ ተመራማሪዎች ልጆችን ሊጎዱ መጡ በሚል የሐሰት ወሬ ተገደሉ። ሁለቱም ቦታ ሌባ እንኳ አልነበረም። ሌባ ቢሆንም መልሱ አይለወጥም።

ሰዎች ለምን ይህን ያደርጋሉ ሲባል የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው፦ «ዛሬ እንይዘዋለን፣ ነገ ይፈቱታል።» ቅሬታው ባዶ አይደለም። ነገር ግን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እዚያ ሲቀርብ መዝገቡ ውስጥ የሚያስፈልገው የያዘው ሰው ቃል ነው። ሌሊት ሃያ ሆኖ የወጣው ሰፈር ጠዋት ጣቢያ ሄዶ የሚፈርም አንድ ሰው ካጣ፣ ፖሊስ የሚያቀርበው ማስረጃ የለም። ስለዚህ ሌባ የያዘ ሰው እዚያው ጣቢያ ቃሉን ይስጥ፣ የተሰረቀውን ዕቃ ሳይነካካ ያስረክብ፣ የመዝገብ ቁጥሩንም ይያዝ። ቀጠሮ ሲደርሰውም ምስክር ሆኖ ይቅረብ።