የአርቲኤል-ኤስዲአር «ድራይቨሩን ቀይሩ» ምን ማለት ነው?

አርቲኤል-ኤስዲአሩን (በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ ነው) ስትሰኩት ዊንዶውስ ያውቀዋል፤ የሬዲዮው ሶፍትዌር ግን «መሣሪያ አልተገኘም» ይላል። ዕቃው አልተበላሸም። ውስጡ ያለው አርቲኤል2832ዩ ቺፕ መጀመሪያ የተሠራው ለዲጂታል ቴሌቪዥን ስለሆነ ዊንዶውስ የቴሌቪዥን ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ይጭንለታል። የሬዲዮ ሶፍትዌሮች የሚፈልጉት ደግሞ ዊንዩኤስቢ የሚባለውን ድራይቨር ነው።

የሚቀየረው ዛዲግ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። በአድሚኒስትሬተር መብት ክፈቱትና «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሊስት ኦል ዲቫይስስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ከዝርዝሩ «በልክ-ኢን፣ ኢንተርፌስ 0» የሚለውን ምረጡ፤ ኢንተርፌስ 1ን አትንኩት። በአንዳንድ ኮምፒውተር ስሙ «አርቲኤል2832ዩ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ከቀስቱ በስተቀኝ ዊንዩኤስቢ መኖሩን አይታችሁ «ሪፕሌስ ድራይቨር»ን ተጫኑ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ዝርዝር ላይ ነው። ማውሱም ኪቦርዱም አብረው ይታያሉ፤ በችኮላ የማውሱን ድራይቨር ከቀየራችሁ ማውሱ ወዲያው ሥራ ያቆማል። ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት የዩኤስቢ መለያ ቁጥሩን ተመልከቱ፤ የአብዛኞቹ አርቲኤል-ኤስዲአሮች በ2838 ያበቃል። ከተሳሳታችሁ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ዕቃውን በቀኝ ክሊክ «አንኢንስቶል» በሉ፣ ድራይቨሩም አብሮ እንዲጠፋ ሳጥኑ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ወደ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ስታዛውሩት ዛዲግን እንደገና መሥራት ሊያስፈልግ ይችላል፤ አሰልቺ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ለይታችሁ ያዙለት። ሊኑክስ ላይ ዛዲግ አያስፈልግም። እዚያ «ስህተት -6» ካያችሁ መሣሪያውን ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና እምብርት) ውስጥ ያለው የቴሌቪዥን ድራይቨር ወይም ሌላ ክፍት ፕሮግራም ይዞታል ማለት ነው፤ ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ካልሆነ ድራይቨሩን ብላክሊስት (እንዳይጫኑ የተከለከሉ ድራይቨሮች ዝርዝር) ውስጥ አስገብታችሁ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉ።